ለዓይኔ ምስክር ለሆኑልኝ የስምሪት ኃላፊ

ቦንጋ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ኃይለመስቀል
የጎጀብ ማዶ ደረቅ ጭነት ማኅበር የስምሪት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፡- የላቀ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ አቶ ኃይለመስቀል፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ ደም ግፊትዎ የተረጋጋ፣ ወገብዎ ከነወንበርዎ የጸና፣ ጉልበትዎም እንደ አዲስ ፍሬን የሚይዝ እንዲሆን ከነቤተሰቤ እመኛለሁ። ከሁሉም በላይ ዓይንዎን ያቆይልኝ፤ የጻፍኩትን እስከ ግርጌው በራስዎ ዓይን እንዲያነቡት እንጂ ሌላ ሰው አለሳልሶ እንዲያነብልዎ አልፈልግም።

ደብዳቤዬን በፖስታ አሽጌ በጓሮ በር በመላክ ፈንታ በአደባባይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። እርስዎ ስለ እኔ የጻፉትን በማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአራት መርፌ ወጥረው ስለለጠፉት፣ ውለታን በተቀበሉበት ቦታ መመለስ ጨዋነት ነው ብዬ ነው።

እኛን ለማያውቅ አንባቢ አጭር ማብራሪያ ልስጥ። እኔ ከፈለኝ ወልደሰንበት እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ ሲሆን ሃያ ሁለቱን ዓመት ያሳለፍኩት በከባድ መኪና መሪ ላይ ነው። የረጅም መንገድ ሹፌር ኑሮው ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎማው ሲዞር ይበላል፣ ሲቆም ይጾማል። ከቦንጋ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ የሚያራግፍ፣ ከዚያ ጅቡቲ ወርዶ ማዳበሪያ ይዞ የሚመለስ ሰው ልጆቹን ያስተምራል። እዚሁ አቅራቢያ ሺሺንዳ ደርሶ መልስ ሲመላለስ የሚከርም ደግሞ ጎማ ይጨርሳል እንጂ መንገድ አያገኝም። ማን ጅቡቲ፣ ማን ሺሺንዳ እንደሚሄድ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ የሚወስኑትም መዳፍ በምታህል የስምሪት ወረቀት ላይ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ስለ ዓይን ምርመራው አመሰግናለሁ።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ወር ላይ፣ ማኅበራችን ከገዛው ጀምሮ ሁለት ዓመት የነዳሁትን አዲሱን ተሳቢ አቁሜ ቢሮዎ ስገባ፣ ከበሩ ሳላልፍ በእጅዎ አስቆሙኝ። “እዚያው ቁም። እስቲ ከካላንደሩ ግርጌ ያለችውን ጽሑፍ አንብብልኝ” አሉኝ። ከጠረጴዛዎ ጀርባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ማለትዎ ነበር። ቀልድ መስሎኝ “ማንኛውንም የኅትመት ሥራ በጥራትና በፍጥነት እንሠራለን” ብዬ አነበብኩ፤ የስልክ ቁጥሩንም ጨመርኩልዎ።

“ሸምድደኸው ነው” አሉ።

ጸሐፊዎ ወይዘሪት የሻረግ ከኮምፒውተሩ ኋላ ብቅ ብላ፣ “ኧረ ጋሼ፣ ይሄን እኮ ዛሬ ጠዋት ነው የሰቀልኩት፤ የድሮውን ጣሪያው አንጠባጥቦ አበላሸው” አለች። እርስዎም፣ “ሥራሽን ሥሪ” አሏት።

በሦስተኛው ቀን “የእይታ አቅማቸው ለረጅም መንገድ ብቁ ሆኖ ስላልተገኘ” የሚል ደብዳቤ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ሐኪም ያልነካው፣ መብራት ያልበራበት፣ በካላንደር ብቻ የተካሄደ ምርመራ በዓለም ላይ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ለሳይንስ ስላደረጉት አስተዋፅኦ የሚመለከተው ክፍል ያስብልዎ። እኔ ግን ኋላ ቀር ሰው ነኝና ሆስፒታል ሄጄ የዓይን ባለሙያ ፊት ተቀመጥኩ። ባለሙያው ሁለቱንም ዓይኔን በየተራ ካየ በኋላ፣ “በዚህ ዕድሜህ እንዲህ ያለ ዓይን የት አመጣኸው?” ብሎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱን ለእርስዎ ሳቀርብ፣ “ማኅበሩ ሳይልክህ በራስህ የሄድክበት ምርመራ አይጸናም” ብለው መሳቢያዎ ውስጥ ከተቱትና ቆለፉበት። ለጥበቃው አመሰግናለሁ።

2. ስለ ተተኪዬ አመሰግናለሁ።

የመኪናዬ ቁልፍ ደብዳቤው በወጣ በማግስቱ ለባለቤትዎ ታናሽ ወንድም ለሳምሶን ተሰጠ። ሳምሶን እስከዚያ ቀን ድረስ ከካባ ድንጋይ እየጫነ ቦንጋ ውስጥ ለሚሠሩ ሕንፃዎች ሲያደርስ የነበረ፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሆነው ጎበዝ ሠራተኛ ነው። በልጁ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቁልፉን ሲቀበልም ከመሬት ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ የምጠይቀው፣ ተሳቢ ጎትቶ የማያውቅን ሰው አራት መቶ ኩንታል ጭነው ወደ ጊቤ ቁልቁለት ሲልኩት እንቅልፍ ወስዶዎት እንደሆነ ነው።

እኔ እንኳ ቤቴ ተቀምጬ ነበርና አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

“ጋሼ ከፈለኝ፣ ፍሬኑ ሸተተኝ።”

“የት ነህ?”

“ጊቤ። ቁልቁለቱ መሃል ነኝ።”

“በስንተኛ ማርሽ?”

“አምስተኛ።”

ክቡር ሆይ፣ ልዋሽዎ አልፈልግም። አንድ እስትንፋስ ለምታህል ጊዜ፣ “ገደል ይግባ፤ መኪናውም ይግባ፣ የላከውም ሰው ይግባ” የሚል ሐሳብ አልፎብኛል። ሐሳቡ ሲያልፍ ግን የልጁ ትንፋሽ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ስለዚህ፣ “ስማኝ ሳምሶን። ረግጠህበት አትኑር። አሁን አንዴ ጠንከር አድርገህ ያዘውና ወደ ሦስተኛ አውርደው። ከዚያ እግርህን አንሳ፤ ሞተሩ ይያዝልህ” አልኩት። ስልኩን መቀመጫው ላይ ጣለው መሰለኝ የሞተር ጩኸት ብቻ ቀረ። ባለቤቴ ሚስጥር እጄን ያዘችኝ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም።

“ቆምኩ” አለ በመጨረሻ። “ዳር ይዤ ቆምኩ ጋሼ።” ከዚያ አለቀሰ።

“ጎማው ላይ ውኃ እንዳታፈስበት። እስኪበርድ ጠብቅ፤ አንተም በርድ” ብዬው ዘጋሁ። በተከታዩ ወር ስብሰባ ላይ ጭነቱ በሰላም መድረሱን ሲያበስሩ፣ ለውጤቱ ያበቃን “የስምሪት ክፍሉ የቅርብ ክትትል” መሆኑን ሲናገሩ እኔም ከኋላ ወንበር ሆኜ አጨብጭቤያለሁ።

3. በከተማው ስላገኘሁት ክብር አመሰግናለሁ።

ሰሌዳው ላይ የተለጠፈ ነገር ቦንጋ ውስጥ ከገበያ ወሬ ይፈጥናል። ገበያው መግቢያ ላይ መንገድ ሊያሻግሩኝ ክንዴን የሚይዙ ሰዎች በዙ። ጎረቤታችን በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል አመጡልኝ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አብሮ አደጌ ፊቴ ላይ እጁን እያወዛወዘ፣ “ይኼ ስንት ጣት ነው?” አለኝ፤ እሱ እንኳ እየቀለደ ነው። ይህን ሁሉ ስቄ አለፍኩ።

ያላለፍኩት አንድ ነገር አለ። አባቴ ወልደሰንበት በስድሳ ዓመቱ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መንገደኛውን በኮቴው እየለየ ሰላም ሲል ኖሮ ነው የሞተው። እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር፤ ለቀብሩ መጥተው ድንኳን ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠው ነበርና። እኔም ሐኪም ያየውን ዓይኔን መጠራጠር ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ አጥር ጥግ ቆሜ፣ አንዱን ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ የሚገቡትን አውቶቡሶች ታርጋ አነባለሁ፤ ከዚያ ሌላውን። አንድ ቁጥር ከተጠራጠርኩ አውቶቡሱ ተመልሶ እስኪወጣ ጠብቄ እንደገና አነበዋለሁ።

ሚስጥር አንድ ቀን ተከትላኝ መጣች።

“ከፈለኝ፣ ምን እያደረግህ ነው? ሰዎች እያዩህ ነው እኮ።”

“ታርጋ እያነበብኩ ነው።”

በጣቷ ወደ ማዶው ኮረብታ አመለከተች። “እዚያ የሚወጣው ሰውዬ ምንድን ነው የተሸከመው?”

“ጆንያ ነው። አይደለም፤ ቆይ፣ የእንሰት ቅጠል ነው፤ በገመድ አስሮታል።”

“እኔ ሰውየውም አይታየኝ” አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ክንዴን ያዘች። “ና፣ ወደ ቤታችን እንሂድ። ለአንድ ኃይለመስቀል ብለህ ዓይንህን አትክዳት።”

የቀረውን ሁሉ፣ መንገዴን መንጠቅዎንም ቢሆን፣ ሰው ለዘመዱ ያደርጋል ብዬ እተውልዎት ነበር። ያንን ጠዋት ግን አልተውኩልዎትም። ዛሬም አልተውኩልዎትም።

4. ስለ አዲሱ የሥራ ምደባዬ።

ዓይኑ ለአስፋልት አይበቃም የተባለውን ሹፌር አሮጌውን ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ሰጥተው፣ ጉም የመኪናን አፍንጫ በሚሸፍንበት፣ በአንድ በኩል ጭቃ በሌላው ገደል ባለበት በደካና በቢታ ገነት መንገድ ላይ አሠማሩት። የዚህን ውሳኔ ጥበብ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም፤ እንዲያብራሩልኝም አልጠይቅም።

ባለፈው መስከረም ከደካ ማርና ኮሮሪማ ጭኜ ስመለስ፣ የጭነቱ ባለቤት እትዬ አልጋነሽ ጋቢና ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። በርሜል የሚሞላ ዝናብ ይወርዳል። አንድ ጥምዝ ዞረን ቀጥታ መንገድ ላይ ስንወጣ ከፊት የማኅበሩ ነጭ ፒካፕ እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ፣ አጠገቡ አንድ ሰው ንፋስ የገለበጠው ጥላ ይዞ እጁን ሲያወዛውዝ ታየ። መጋዘን ሊጎበኙ መምጣትዎን ደካ ሳለሁ ሰምቼ ነበር።

“ሰው ቆሟል!” አሉ እትዬ አልጋነሽ። “አለቃህ አይደለም እንዴ?”

“የቱ?”

“ያ እጁን የሚያወዛውዘው ነዋ!”

“እትዬ፣ እኔ እንኳ በደብዳቤ ማየት ተከልክያለሁ።”

ማርሽ ቀየርኩ። የመጎተቻው ገመድ ከወንበሬ ጀርባ ተጠቅልሎ ነበር፤ መኪናዬም ፒካፕዎን እንደ ጥርስ ነቅሎ ለማውጣት ጉልበት ነበራት። ሹፌርዎ ውስጥ ተቀምጧል፣ ቤቶች ከላይ ይታያሉ፣ የታመመም የተጎዳም ሰው የለም፤ ይህን ሁሉ አጣርቼ ነው ያለፍኩት። ጎማዬ የረጨውን ጭቃ ሆን ብዬ አልረጨሁም፤ መሪውን ግን አላጠፍኩም።

“ጡር አለው ከፈለኝ” አሉ እትዬ አልጋነሽ። ትንሽ ሄድን። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ውሽውሽ እስክንደርስ ሳቁ። የመንደሩ ሰዎች በበሬ ጎትተው እስኪያወጡዎት አራት ሰዓት መቆምዎን በኋላ ሰማሁ። ክቡርነትዎ ይቅርታ እንድጠይቅ ይጠብቁ ይሆናል። ያን ቀን ማታ እራቴን በደንብ በልቼ ተኝቻለሁ።

5. እነሆ ዋናው ምስጋናዬ።

በሳምንቱ የክስ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። “ሠራተኛው የሥራ ኃላፊያቸውን ከሁለት መቶ ሜትር በማያንስ ርቀት በግልጽ እያዩና ማንነታቸውን ለይተው እያወቁ፣ ከባድ ዝናብ ውስጥ ጥለው በማለፋቸው ከሥራ እንዲሰናበቱ” ይላል። ፊርማዎ አለበት፣ ማኅተሙም አላመለጠውም። አንድ ጊዜ አነበብኩት፤ አልገባኝም። ሁለተኛ አነበብኩት፤ ቁጭ አልኩ። ሦስተኛ ላይ ሚስጥርን ጠርቼ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አደረግሁ፤ ልሰማው ፈልጌ እንጂ ስላልታየኝ አይደለም።

ኅዳር ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ቀረብን። ሰብሳቢው አቶ ሙሉብርሃን ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ አዛውንት ናቸው። እኔ ምንም አልተከራከርኩም፤ የግንቦቱን ደብዳቤና የመስከረሙን ደብዳቤ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። አቶ ሙሉብርሃን መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም አነበቡ፤ ከዚያ አንገታቸውን ወደ እርስዎ አዞሩ።

“አቶ ኃይለመስቀል፣ ይህ ሰው ያያል ወይስ አያይም?”

“በዚያን ዕለት አይቶኛል።”

“በዝናብ?”

“በዝናብም ቢሆን።”

“ከሁለት መቶ ሜትር?”

“ይበልጣል እንጂ አያንስም!” አሉ፤ ጥፋቴን ለማክበድ ጠረጴዛውን በጣትዎ እየመቱ።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የሻረግ እስክሪብቶዋን አንስታ፣ “ይበልጣል እንጂ አያንስም የሚለው ይጻፍ?” ብላ ጠየቀች።

“ይጻፍ!” አሉ እርስዎ።

ተጻፈ። የተናገሩትን ለመረዳት እርስዎ የመጨረሻው ሰው ነበሩ፤ መግባቱ ግን በፊትዎ ላይ ከአገጭዎ ተነሥቶ ወደ ግንባርዎ ሲወጣ እኔ ቀስ ብዬ፣ ምንም ሳያመልጠኝ አየሁት። ስድስት ወር የተነጠቅሁት መንገድ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ተከፈለኝ ብልዎ ማጋነን አይሆንም።

“አንተስ?” አሉኝ አቶ ሙሉብርሃን። “አይተኸዋል?”

“አይቻቸዋለሁ” አልኩ። “ጥላው ጥቁር ነበር፤ አንድ ዘንጉ ተሰብሯል። ለጥፋቴ የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ።”

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ተገቢ ነው። የግንቦቱ ደብዳቤ ተሻረ፤ መኪናዬም ተመለሰልኝ። ቁልፉን ያስረከበኝ ሳምሶን ራሱ ነው። “ይረከቡኝ ጋሼ፤ ከእርስዎ ጋር ሁለተኛ ሹፌር ሆኜ መንገዱን ልማር” አለኝ። እነሆ አሁን ሁለት ጊዜ ጅቡቲ አብረን ደርሰን ተመልሰናል፤ የጊቤን ቁልቁለት በሦስተኛ ማርሽ ሲወርድ እያየሁት ነው።

ከኮሚቴው በኋላ አንዳንድ አባላት እርስዎ ከወንበርዎ እንዲነሱ ፊርማ ሊያሰባስቡ ወደ እኔ መጥተው ነበር። አልፈረምኩም። እንዲያውም፣ “እባካችሁ ይቆዩልኝ” ብዬ ለመንኩ። ሰዎቹ ርኅራኄ መሰላቸው። የተነሣ ሰው ይረሳል፤ የተቀመጠ ሰው ግን በየጉዞዬ የስምሪት ወረቀት ስቦ፣ ስሜን ሙሉ ጽፎ፣ መድረሻው ላይ “ጅቡቲ” ብሎ ሞልቶ ከሥሩ ይፈርምልኛል። እኔም ጠረጴዛዎ ፊት ቆሜ ፊደሉን አንድ በአንድ እከታተላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ዘጠኝ ዓመት ይቀረኛል፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ጤና እንዲሰጥዎ የምጸልየው ከልቤ ነው።

ለረጅም መንገድ ብቁ መሆኑን በፊርማዎና በማኅተምዎ ያረጋገጡለት፣ ውለታዎን የማይዘነጋ፣ ቸርነትዎን በየደረሰበት የሚናገር ታዛዥ ሠራተኛዎ፣

ከፈለኝ ወልደሰንበት
የተሳቢ ሹፌር

ግልባጭ፡-
ለማኅበሩ የዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ ለመልካም ትውስታ
ለማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በአራት መርፌ
ከጎጀብ እስከ ጋላፊ ሹፌሮች ምሳ ለሚበሉባቸው ቤቶች ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፡- ሳምሶን ቢታ ገነት ላይ አንዲት ጨዋ መምህርት ወድዶ ሊያገባ መሆኑን ሳይነግርዎ አይቀርም። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሆኜ የልጅቷን አባት እንድለምንለት የጠየቀው እኔን ነው፤ እኔም እርስዎ የእህቱ ባል እያሉ እንዴት ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩት፤ በሦስተኛው ግን ተቀበልኩ። አብረውን የሚሄዱትን ሽማግሌዎች መርጬ ስም ዝርዝሩን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። እስካሁን ያልተጠሩ ከሆነ፣ እባክዎ ተራዎ እስኪደርስ በትዕግሥት ይጠባበቁ።